ዘጠና ሴኮንድ

«ስለ ማን ታላቅነት ነው የምታወሩት እናንተ?» አለ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው። «ዋቆ እዚህ አገር በቡጢ ማንን ጣለ? አንድ የሮቤ ልብስ ሰፊ! እሱም በጾም የደከመ፣ ዘጠና ሴኮንድ እንኳ በእግሩ ያልቆመ። እንዲህ ያለውን ጥሎ የምንጊዜም ታላቅ ከተባለማ እኔንም ጨምሩኝ።»

ግድግዳ የተባለው ለወጉ ያህል ነው። የከሊልን ልብስ ስፌት ቤት ከዲማ ፀጉር ቤት የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በዚያ በኩል ከሊል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሮቤን ወሬ ሳይጠይቅ ሲሰማ ኖሯል። የስንዴ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ፣ ማን ማንን ሊያገባ እንዳሰበ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ሁሉም በዚያች ሳንቃ ያልፋል። የራሱ የከሊል ስም ሲነሳ ግን ዲማ ይስላል፤ ደንበኛውም ይገባውና ወሬ ይቀይራል። ዛሬ ዲማ ሁለት ጊዜ ሳለ። ሰውዬው ከጊኒር የመጣ እንግዳ ነበርና የሳሉ ትርጉም አልገባውም። በመጨረሻ ዲማ የፀጉር ማሽኑን አጥፍቶ ዝም አለ፤ ዝምታው ደግሞ ከወሬው ባሰ።

ከሊል በዚያ ሰዓት በእጁ የያዘው የዚያኑ የዋቆን ኮት ነበር። ፊት ለፊቱ፣ ደንበኛ በሚቀመጥባት አግዳሚ ላይ፣ ታናሽ እህቱ ሰቢሪና ተቀምጣለች። ሰቢሪና የዋቆ ሚስት ናት። ከጎባ በመጀመሪያው ሚኒባስ ኮቱን በፌስታል ይዛ የመጣችው እጅጌው እንዲያጥርላትና ወገቡ እንዲጠብላት ነው። ኮቱ ዋቆ ለብሔራዊ ቡድን ሲጋጠም ከሶፊያ ያመጣው ወፍራም ጥቁር ሱፍ ሲሆን፣ ያኔ ትከሻው ላይ ሊቀደድ ይደርስ ነበር። አሁን ሰውዬው ውስጡ ገብቶ ይጠፋል። ሕመሙ ከጀመረው አራት ዓመት ሆኖታል፤ መጀመሪያ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ የሰው ስም ጠፋበት፣ ከዚያ የልጆቹ ስም ጠፋበት። ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ላይ ያረፈው ቡጢ ብዛት ነው አሉ። ሰቢሪና የጊኒሩን ሰውዬ ቃል ሰምታለች። መስማቷን ከሊል አውቋል፤ ማወቁንም እሷ አውቃለች።

«ሻይ ላስመጣልሽ?» አላት።

«ጠጥቼ ነው የወጣሁት» አለች፣ ዐይኗን ከወለሉ ሳታነሳ።

የሚያናድደው ነገር ሰውዬው አለመዋሸቱ ነው። በግንቦት 1978 ዓ.ም. ጎባ ላይ በተደረገው የባሌ ክፍለ ሀገር የፍጻሜ ግጥሚያ ከሊል በዘጠና ሴኮንድ ተዘርሯል። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ዛሬ ስልሳ ዓመቱ ነው፤ አምስት ልጅ አሳድጓል፣ የሮቤን ሙሽሮች ግማሹን አልብሷል፤ ስሙ ግን «ከሊል ዘጠና» ነው። ባጃጅ ነጂዎች «ዘጠና ጋ ወራጅ አለ?» ይላሉ። ከበሩ በላይ በቀይ ቀለም «ከሊል ልብስ ስፌት» ብሎ ያጻፈውን ታፔላ ማንም አንብቦት አያውቅም። በክፋት ነው እንዳይባል ብዙዎቹ ዘጠና ማለት ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም፤ አያቱ ያወጡለት ስም የሚመስላቸው አሉ። ይህ ደግሞ ነገሩን አያቀለውም።

ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ጎባ ላይ ስብሰባ አለ። አዲስ ለተሠራው የስፖርት አዳራሽ የዋቆ ስም ይሰጠዋል፤ ይሄ ተወስኗል። ያልተወሰነው በር ላይ የሚተከለው እብነ በረድ ምን ይበል የሚለው ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ መምህር ዘሪሁን ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስፖርት ሳይንስ የሚያስተምር፣ ቁጥር የሚወድ ሰው። «የምንጊዜም ታላቁ ቡጢኛ» ይባል ባይ ነው። አርባ አንድ ግጥሚያ፣ ሠላሳ ስድስት ድል፣ ሦስት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን፣ ሶፊያ ላይ ቡልጋሪያዊውን በሁለተኛው ዙር መዘረር፤ ኦሎምፒክ አልሄደም ለሚሉት ደግሞ ሴኡል ላይ ያልተገኘችው አገሪቱ ራሷ እንጂ እሱ አይደለም ይላል። ለሁለት ወር በሮቤና በጎባ ፀጉር ቤቶች፣ ሻይ ቤቶች፣ ሚኒባሶች ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ መሐመድ አሊን ይጠቅሳል፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ የውጭ ቡጢኛ ያሳያል፣ ሦስተኛው የአዲስ አበባ ልጆች ይበልጡት ነበር ብሎ ከወንድሙ ጋር ይኳረፋል።

ክርክሩ ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ ቀን ላይ ነው። ያን ዓመት ረመዳን ግንቦት ላይ ዋለ። ባለሥልጣናቱ ፕሮግራም አይቀየርም አሉ፤ ሼኹ እንኳ ሳይቀሩ በልተው ይጋጠሙና በኋላ ቀኑን ይክፈሉት ብለው ፈቅደው ነበር። ከሊል ጾሜን አልፈታም አለ። ዋቆ፣ ያኔ ከገሰራ መጥቶ ጎባ ክለብ የገባ ልጅ፣ ይህን ሲሰማ አሠልጣኙ ፊት ቆሞ፣ «እሱ ጾሞ እኔ በልቼ ባሸንፈው ድል አይባልም፤ እኔም እጾማለሁ፣ ወላሂ!» አለ። እሱና ከሊል እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ማሉ። ዋቆን ዋቆ ያደረገው ቡልጋሪያዊው አይደለም፤ ይህ መሐላ ነው። እስከ ዛሬ በረመዳን ራበኝ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ባሌ ውስጥ ካለ እናቱ «ዋቆ ጾሞ ቡጢ ገጥሟል፣ አንተ ምን ሆነሃል?» ትለዋለች። መምህር ዘሪሁንም ትናንት ስልክ ደውሎ የጠየቀው ይህንኑ ነው። «ኦቦ ከሊል፣ ያን ቀን እሱ ፊት የቆሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። አሠልጣኙ ጋሽ ገብረ ሥላሴ የእርስዎን ቃል ካልሰማሁ አልፈርምም ብለዋል። ኮሚቴው ሁለት ለሁለት ነው የተከፈለው።»

ሰቢሪና የወንድሟን እጅ እያየች ቆየች። ከሊል አራት መርፌ ቁልፍ በከንፈሩ ይዞ የኮቱን እጅጌ እያጠፈ ነበር።

«ዛሬ ምን ልትላቸው ነው?» አለችው።

መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ሱፉ ላይ ሰካቸው። «የሆነውን።»

«የሆነውን አንተ አታውቀውም።»

«አፍንጫዬ ያውቃል» አላት። ይህን በአርባ ዓመት ውስጥ ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለሟች ሚስቱም ቢሆን። አሁን ግን የጊኒሩ ሰውዬ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነበርና ወጣለት። «ስንተቃቀፍ ነው። ዳኛው ሊያላቅቀን ሲመጣ ፊቱ ፊቴ ላይ ነበር። ጩኮ ሸተተኝ። ትኩስ ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ከዚያ ጥቁር አዝሙዱ። ጥቁር አዝሙድ ጩኮ ውስጥ የምትጨምረው ጎባ ውስጥ አክስቴ ሃጂራ ብቻ ነበረች። ደነገጥኩ። እጄን አወረድኩ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ሰማዩን ነው።»

የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ የሚሠራውን ያን ምግብ ከሊል ከዚያ ቀን በኋላ አፉ ላይ አድርጎት አያውቅም። ቤተሰቡ ሆዱን ስለማይስማማው ነው ይላል። እሱ ራሱም ቢሆን የራበው ሰው አፍንጫ የሌለ ነገር ያሸታል ብሎ ራሱን ሲያሳምን ኖሯል፤ ምክንያቱም ከግጥሚያው በሦስተኛው ወር የዋቆ ሽማግሌዎች ሰቢሪናን ሊጠይቁ ሲመጡ አባታቸው በሕይወት ስላልነበሩ እሺ ማለት የነበረበት እሱ ነው። እሺ አለ። እሺ ካሉ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ማሽተት አይቻልም።

«አክስቴ አይደለችም» አለች ሰቢሪና ቀስ ብላ። «እሷ ተኝታ ነበር። እኔ ነኝ።»

የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ የነበረው እግሩ ዝም ብሎ መርገጡን ቀጠለ።

የግጥሚያው ዋዜማ ሌሊት ከሊል ያደረው አክስታቸው ሃጂራ ቤት ነው፤ ሰቢሪናም እዚያው ጎባ ሆና ነበር የምትማረው። ከንጋት በፊት ለሱሁር ቀስቅሳ የገብስ ገንፎ ያበላችው እሷ ናት። እጁን ያስታጠበችው፣ «አላህ ያበርታህ» ያለችው እሷ ናት። ከዚያ ረፋድ ላይ፣ ከሊል ተጠቅልሎ በተኛበት ሰዓት፣ ጩኮውን በጣሳ አድርጋ ከክለቡ ጀርባ ሄደች። ይህን ስትነግረው ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ የተለማመደችው ይመስላል። «ሁለቴ እምቢ አለኝ። ምዬበታለሁ፣ መሐላ አለብኝ አለኝ። በሦስተኛው እያለቀስኩ ለመንኩት። ፈርቼ ነበር።»

«ምን ፈራሽ?»

«አንተን ነዋ» አለች፣ በጣም ግልጽ የሆነ ነገር እንደጠየቃት ሁሉ። «ትገድለዋለህ ብዬ ፈራሁ። ትበልጠው ነበር እኮ፣ ከሊል።»

ከሊል መኪናውን አቆመ። እጅጌውን ሲያነሳው አፉን ከዳር እስከ ዳር ሰፍቶ ዘግቶታል። በአርባ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም። ምላጩን አንስቶ ክሩን እየበጠሰ መተርተር ጀመረ፤ እህቱን አላያትም። በውስጡ የነደደው ቁጣ በዋቆ ላይ ቢሆን ደስ ባለው ነበር። ዋቆማ ባዳ ነበር፤ ጎረምሳ ነበር፤ ለምነውት በላ። ሱሁር አብልታው፣ እጁን አስታጥባው፣ ከዚያ ጣሳ ይዛ የሄደችው ግን እህቱ ናት። ይህ ሁሉ ዘመን ዘጠና ሲባል እየሰማች፣ በየዒዱ ልብስ እያሰፋች፣ ልጆቿን «አጎታችሁን ሳሙ» እያለች። እንደዚያች ደቂቃ ጠልቷት አያውቅም።

«ለኔ ስትል ተወው» አለች። «ልጆቼ በዚያ ታሪክ ነው ያደጉት። ሰፈሩ ሴት ልጁን እንደ ሰቢሪና ሁኚ ይላል። እሱ እንደሆነ ትናንትናን አያስታውስም። ማን ይጠቀማል?»

ይህን እያለች በሩ ላይ አንድ አዲስ የተላጨ ሰው ቆመ። አንገቱ ላይ ፀጉር ቀርቷል፤ በእጁ ሱሪ ይዟል። ድምፁ የግድግዳው ድምፅ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም። ሱሪ ላሳጥር ፈልጌ ነበር፤ ዘጠና የሚሉት ልብስ ሰፊ እዚህ ነው አሉኝ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። እኔ ነኝ» አለ ከሊል።

ሰውዬው ኮምፔንሳቶውን አየ፤ ከሊልን አየ፤ ደግሞ ኮምፔንሳቶውን አየ። ከአንገቱ ጀምሮ ፊቱ ድረስ ቀላ። «አፉ በለኝ፣ አባቴ» ብሎ ሱሪውን አጣጥፎ ወጣ። ከሊል ከኋላው ሊጠራው ፈልጎ ተወው። ኮቱን ጨረሰ፤ ተኮሰው፤ ፌስታል ውስጥ አስገባውና ለእህቱ ሰጣት። «እንሂድ» አላት። እሺታ ይሁን እምቢታ ከድምፁ መለየት አልቻለችም።

ከሮቤ ጎባ ያለው መንገድ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ለሁለቱ ግን ረዘመባቸው። ሒሳቡን እሱ ከፈለ፤ የሁለት ሰው ሰማንያ ብር። ማሳው በግራና በቀኝ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ሁለት ኮምባይነሮች መንገዱን ይዘው ሚኒባሱን እንደ ጉንዳን አስኬዱት። ሹፌሩ ወደ ኋላ እየዞረ ከተሳፋሪ ጋር ይከራከራል። ወሬው ሌላ ምን ይሆናል? «ጾሞ አሸንፏል አይደል? በቃ! ሌላው ሁሉ ጠግቦ ነው የሚደባደበው» ይላል ሹፌሩ። ከሊል ይህን እየሰማ ስለ ራሱ አንድ የሚያሳፍር ነገር አስታወሰ። የሶፊያው ግጥሚያ በሬድዮ ሲነገር እዚያው ሮቤ ውስጥ ከሰው ጋር ተቃቅፎ አልቅሷል፤ የደስታ እንባ። ዋቆ ታላቅ ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የቀመሰው ሰው ነው። ጠግቦም ተርቦም ያሸንፈኝ ነበር ብሎ ነበር የኖረው፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ትበልጠው ነበር የምትል ሰው መጣች። ከሊል ድሉን አይፈልግም። ሻምፒዮንነቱን፣ ሶፊያን፣ አዳራሹን፣ ሁሉንም ይውሰደው። እሱ የሚፈልገው ያን ዘጠና ሴኮንድ ከስሙ ላይ ማንሳት ብቻ ነው። ረሃብ አልጣለኝም፣ ቡጢም አልጣለኝም፣ የጣለኝ ድንጋጤ ነው ማለት ይፈልጋል። ይህን ለማለት ግን ጩኮውን መጥራት አለበት፤ ጩኮው ከተጠራ ደግሞ ከማን ቤት እንደወጣ ይጠየቃል።

የዋቆ ቤት ከሳነቴ ደጋ በሚወርደው ብርድ ምክንያት መስኮቱ አይከፈትም። ሳሎኑ ንጹህ ነው፤ ሰቢሪና ንጽሕና ላይ ቀልድ አታውቅም። ቁምሳጥኑ ላይ ዋንጫዎቹ ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ ያቺ የ1978ቷ ትንሽዬ ዋንጫ አለች፤ ከሊል በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን ነው የሚያየው። ዋቆ ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ እጁን ይጨብጣል፣ ይዘረጋል። «አካም ጂርታ፣ ዋቆ?» አለው ከሊል። ዋቆ እንደ ጨዋ ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቀውም። ኮቱን ያለበሰው ከሊል ነው። አንዱን እጅ አስገባ፣ ዞሮ ሌላውን አስገባ፣ አጎንብሶ ቁልፉን መቆለፍ ያዘ። ፊታቸው እንደዚያን ቀን ተቀራረበ። የዋቆ ትንፋሽ የወተት ሻይ ይሸታል። ከሊል ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ቆልፎት ቀና አለ። ኮቱ ልክ ሆኖለታል፤ ከሊል እንደሆነ የዋቆን ልክ ስቶት አያውቅም።

አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። ወደ ስልሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃና ለስላሳ ተደርድሯል፤ እብነ በረዱ ገና ስላልተጻፈበት በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳ ተደግፏል። ዋቆን ከፊት፣ ከከሊል ጎን አስቀመጡት። ሰቢሪና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። መምህር ዘሪሁን ቁጥሮቹን አነበበ፤ ተጨበጨበ። አንድ ነጋዴ ተነስቶ የዓለም ሻምፒዮና ያልደረሰ ሰው እንዴት የምንጊዜም ይባላል ብሎ ጠየቀ፤ ጉርምርምታ ሆነ። ሌላው «አንተ ስንዴህን ሽጥ!» አለው፤ ሊጣሉ ደረሱ። ከዚያ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ተነሱ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከዘራ ይዘዋል፤ የክለቡ የድሮ ሰማያዊ ቱታ ከኮታቸው ሥር ይታያል።

«በኛ ክለብ አንድ ደንብ ነበር» አሉ። «የአሸናፊን እጅ ዳኛ አያነሳም። የሚያነሳው ተሸናፊው ነው። ያላነሳ እንደሆነ ግጥሚያው አልተዘጋም እንል ነበር። ያን ቀን ከሊልን በቃሬዛ ነው ያወጣነው፤ እጅ አላነሳም። ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ። አርባ ዓመት ስጠብቅ ኖሬአለሁ። እኔ ቁጥር አልቃወምም። ያ ቀን ንጹህ ከነበረ ዋቆ ታላቅ ነው፣ በወርቅ ጻፉት። ንጹህ እንደነበረ ደግሞ የሚነግረን ከሊል ነው። ይነሳና እጁን ያንሳለት። ካላነሳለትም ምክንያቱን ይንገረን።»

ከሊል ተነሳ። ከሮቤ ሲነሳ ሊናገር ቆርጦ ነበር፤ ኮቱን ሲቆልፍ ሊተወው አሰበ፤ አሁን ሁለቱም እኩል ከበዱት። ወደ ሦስተኛው ረድፍ አየ። ሰቢሪና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። ጠልቷት የነበረው ጥላቻ እንዳለ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጣሳ ይዛ እያለቀሰች የምትሮጥ ልጅ መጣችበት። እሷን ማዋረድ አልቻለም። «ያን ቀን…» ብሎ ጀመረና ቆመ።

ድምፁን ሲሰማ ዋቆ ቀና አለ። ማንም ሳይረዳው፣ የወንበሩን ክንድ ተደግፎ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ። መምህር ዘሪሁን ፈገግ ብሎ ለከሊል ምልክት ሰጠው፤ ያንሱለት ማለቱ ነው። ከሊል የዋቆን እጅ ለመያዝ እጁን ዘረጋ። ዋቆ ግን ቀደመው። የከሊልን የእጅ አንጓ በሚንቀጠቀጥ መዳፉ ጨበጠና ወደ ላይ አነሳው። ያጠረው የኮቱ እጅጌ ወደ ዋቆ ክርን ወረደ። የከሊል ክንድ ስልሳ ሰው ፊት፣ ከሁለቱም ራስ በላይ ቆመ። የዋቆ ፊት ላይ የስህተት ምልክት አልነበረም፤ ከሊል በቅርብ ስላየው ያውቃል። ስሙን አልያዘውም ይሆናል፤ ዕዳውን ግን ይዞታል።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ትሕትናውን እዩ!» አለ አንዱ። «ያሸነፈውን ሰው እጅ ሲያነሳ! ታላቅ ማለት ይኼ ነው!» ሌላው እንባውን ጠረገ። ቅድም የተቃወመው ነጋዴ ሳይቀር ቆሞ ያጨበጭባል። መምህር ዘሪሁን ብዕሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። «አለቀ፣ በሙሉ ድምፅ ብዬ ልጻፈው?» አለ።

ያላጨበጨቡት ጋሽ ገብረ ሥላሴ ብቻ ነበሩ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ሰው ዝም እስኪል። «እንዳትጽፍ» አሉ። «ደንቡን አሁን ነገርኳችሁ እኮ። እጅ የሚያነሳ ተሸናፊ ነው። ዋቆ ይህን ደንብ እንደ ፋቲሓ ነው የሚያውቀው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ለምን አነሳ? ከሊል፣ ለምን አነሳ?»

«እኔ አልናገርም፣ ጋሼ» አለ ከሊል። ድምፁ ተሰበረ። «እሱ ያውቃል።»

«እሱማ አይናገርም፣ ልጄ። ታሟል።»

የአንዱ ለስላሳ ጠርሙስ ወለሉ ላይ ተንከባለለና አግዳሚ ሥር ገብቶ ቆመ። ከሦስተኛው ረድፍ ሰቢሪና ተነሳች። ጎኗ ያሉት ሴቶች ባሏን ልትይዘው የሄደች መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እሷ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ሻርፗን አስተካከለች።

«እኔም አውቃለሁ» አለች። «ያን ቀን የጾመው ወንድሜ ብቻ ነው። ዋቆን ጾሙን ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ጩኮውን በጣሳ ይዤ ሄጄ፣ አልቅሼ ለምኜ በእጄ አጎረስኩት። ከሊል ያሸንፈዋል ብዬ ፈርቼ ነው። ጻፈው፣ መምህር።»

የዘሪሁን ብዕር ወረቀቱ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ከሊል እህቱን አያት፤ ከጠዋት ጀምሮ ቀና ብላ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወደሷ ሊሄድ ፈለገና እጁን ሊያወርድ ሞከረ፤ ዋቆ ግን አልለቀቀውም።